ሚኒሞ ከፍ ማድረግ ጥገና አይደለም

አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። መንገድ ላይ ሸጋ ሆና ትሄዳለች። ነዳጅ ስትሰጧት ትታዘዛለች። እግራችሁን አንስታችሁ ልትቆሙ ስትሉ ግን መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ዳሽቦርዱ ይንጫጫል፣ ሞተሩ አንድ ሁለቴ ይተናነቅና ድርግም ይላል። ከኋላ ያለው ባጃጅ ክላክሱን ይለቀዋል። ቁልፉን ታዞራላችሁ፣ ትነሳለች፣ ትሄዳላችሁ። ቀጥሎ ስትቆሙም ያው ነው።

ጋራዥ ስትገቡ የምትሰሙት መልስም የታወቀ ነው። «ሚኒሞዋ ወርዷል፣ ከፍ እናድርገው።» ካቻቢቴ ይመጣል። ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ያለችው ብሎን ትንሽ ትጠመዘዛለች። ሞተሩ ጮክ ይላል፣ መጥፋቱ ይቀራል። ሒሳብ ይከፈላል፣ ይወጣል።

በዚህ አሠራር አልስማማም። ሌላ ከተማ ብኖር ምናልባት ዝም እል ነበር። እኛ ግን የምንመላለሰው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ነው። መሀል ላይ ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት አለ። ሐረጎን እየወረደ ሞተሩ የሚጠፋበት ሰው ችግሩ ከኋላው ያለው ሰው ክላክስ አይደለም። ችግሩ ፍሬኑ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሚኒሞ ትንሽ ልበል። ነዳጅ መስጫውን ሳትነኩት ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። አብዛኛው አሮጌ የቤንዚን መኪና ላይ በደቂቃ ከ700 እስከ 850 ዙር አካባቢ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የአየር መግቢያው ክዳን ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ሞተሩ የሚተነፍሰው በቀጭን ክፍተት ነው። ቤንዚኑም የሚመጣው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነው። በፍጥነት ስትሄዱ አየሩም ቤንዚኑም ብዙ ስለሆነ ትንሽ ጉድለት ቢኖር አይታወቅም። በሚኒሞ ግን መደበቂያ የለም። ያረጀ ካንዴላ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ በደንብ የማይገጥም ቫልቭ፣ ሁሉም እዚያ ይጋለጣል። ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ሞተር የሆነ ነገር እየተናገረ ነው። ብሎኗን ማጥበቅ አፉን መያዝ ነው።

የእኛ አገር ሌላ ጣጣም አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን፣ ማታ መልሰን እንወጣዋለን። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወደ አራት አምስተኛ ይጠጋል። ካርቡራተር ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቆላ ላይ የተስተካከለ መኪና ደሴ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ደሴ ላይ የተስተካከለው ደግሞ ኮምቦልቻ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። ልዩነቱ ያን ያህል ትልቅ አይደለም። ጤነኛ ሞተር ይችለዋል። ለታመመ ሞተር ግን ይበቃዋል።

የእኔዋ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ዲኤክስ ናት፣ ባለ ካርቡራተር። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት ደሴ ላይ በቾክ ትነሳለች፣ ምንም አትልም። ኮምቦልቻ ገብታ፣ ሞተሯ በደንብ ሞቆ፣ በባጃጆቹ መሀል ቆም ሄድ ስንል ነው የምትጀምረው። መንቀጥቀጥ፣ መተናነቅ፣ መጥፋት። ማታ ደሴ ስትመለስ ደግሞ ትሻላለች። ያማከርኩት ሰው ሁሉ የሚቀየር ዕቃ ነገረኝ። ካርቡራተሩን ቀይር። ካንዴላ ቀይር። ቦቢናው (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ነው። አንዱ እንዲያውም ሞተር ይውረድ አለ። ዕቃ ያልጠራ ሰው ቢኖር ሚኒሞው ይጨመር ያለው ብቻ ነው።

በመጨረሻ ደሴ ውስጥ የታክሲ ሾፌሮች የሚያምኑት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ኮፈኑን አልከፈተም። መጀመሪያ ጠየቀኝ።

«መቼ ነው የምትጠፋው?»

«ቆም ስል ነው ጋሼ።»

«በብርዱ ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ?»

«ከሞቀች በኋላ።»

«ሐረጎን ስትወጣ ትጎትትሃለች?»

«የለም፣ ዳገቱን ደህና ትወጣዋለች።»

«ፍሬን ስትይዝ ነው ወይስ ሳትይዝ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ብዙ ጊዜ የምንቆመው ፍሬን ይዘን ስለሆነ መቆሙንና ፍሬኑን ለይቶ የሚያስብ የለም። ሜዳ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬን ስበን ሞከርነው። እግሬ ከፔዳሉ ላይ ሳይሆን ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትጠፋም። ፔዳሉን ስረግጥና ስለቅ ሞተሩ ወረድ ይላል። ደገምኩት፣ ጠፋች። ሽማግሌው «አብሽር፣ መቼ እንደምትጠፋ ካወቅን ግማሹን ጨረስን» አለኝ።

ከእሱ የወሰድኩት ትልቁ ነገር ይህ አጠያየቅ ነው። ዕቃ ከመግዛት በፊት የመጥፋቱን ሁኔታ መለየት። ለዚህ ደግሞ የእኛ መንገድ ይመቻል።

ዳገት ላይ የምትዳከም፣ የምትንተፋተፍ፣ የምትጠፋ ከሆነ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን በፈለገበት ሰዓት አላገኘም ማለት ነው። የቤንዚን ፊልትሮ፣ ፖምፓ፣ ታንከር ውስጥ ያለ ቆሻሻ ይፈተሻል። ቆመው ትንሽ ሲጠብቁ መልሳ ተነስታ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ቤንዚኑ ቀስ ብሎ እየሞላ ነው። ቁልቁለቱን ጨርሳ ስትቆም የምትጠፋ ከሆነ ፖምፓና ፊልትሮን ተዉአቸው። የሚፈለገው የሚኒሞ ቀዳዳው፣ በሌላ በኩል የሚገባ አየር፣ ወይም የፍሬን ሰርቮው፣ ማለትም ፔዳሉን መርገጥ የሚያቀልልን ክፍል ነው። በክረምት ጉም ብቻ የምትቸገር ከሆነ የካንዴላውን እሳት የሚያመጡት ገመዶች እርጥበት እያገኛቸው ነው። ብርድም ሙቀትም ሳትል እኩል የምትንቀጠቀጥ ከሆነ አንድ ሲሊንደር አይሠራም ብላችሁ ጀምሩ።

ኮምቦልቻ በቀትር ሌላም ነገር ያመጣል። ሮጣ መጥታ ትቆማለች፣ ጉዳይ ጨርሳችሁ ስትመለሱ አልነሳም ትላለች፣ ወይም ተነስታ ወዲያው ትጠፋለች። ቤንዚኑ በሞቀው ቱቦና ፖምፓ ውስጥ ተንኖ ነው። ከፍታ ላይ ቤንዚን በትንሽ ሙቀትም ስለሚተን እኛ ጋ ይብሳል። ውሃ የነከረ ጨርቅ ፖምፓው ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ። ከተነሳች ምክንያቱን አገኛችሁ። የቤንዚን ቱቦው ማርሚታውን ወይም የሞቀ ብረት የሚነካ ከሆነ አርቁት።

ወደ እኔዋ ልመለስ። ሽማግሌው የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሃ ሞላና ክዳኑን በሚስማር በሳው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየዞረ በካርቡራተሩ ሥር፣ በጓርኒሲዮኑ (በማሸጊያው) ዙሪያ፣ በየቱቦው መጋጠሚያ ላይ ውሃውን ጠብ ጠብ አደረገ። አየር የሚስብ ቦታ ካለ ውሃው ይዘጋዋል፣ የሞተሩ ድምፅ ለቅጽበት ይለወጣል። አንዳንዱ ለዚህ ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጽጃ ይረጫል። በሞቀ ሞተር ላይ እሳት መጥራት ነው፣ አታድርጉት። ውሃ ይበቃል፤ የእሳት ገመዶቹንና እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተር ክዳን ብቻ አታርጥቡ።

በካርቡራተሩ ሥር ምንም አልተለወጠም። ከሞተሩ ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ለቅጽበት ተስተካከለ። ከዚያ ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሞተሩ መግቢያ አጠገብ በፒንሳ ጨመቀው። መንቀጥቀጡ ቆመ። ያ ሁሉ የሚንጫጫ ዳሽቦርድ ጸጥ አለ። ሲለቀው ተመለሰ።

ቱቦውን ከላይ ብታዩት ደህና ነው። ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም። ስንጥቁ ያለው ከሥር፣ ፋሸታው (ማሰሪያው) ከያዘበት ጥግ ላይ ነው። ጎማው እዚያ ጋ በሙቀት ደርቋል። ሽማግሌው ቱቦውን ጎበጥ ሲያደርገው ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲለቀው ይገጥማል። የጣት ጥፍር አያስገባም። ሞተሩ ሲሞቅና ሲወዛወዝ ግን በዚያች በኩል ማንም ያልለካው አየር ይገባል። አየር ሲጨመር ቤንዚኑ ያንሳል። ፍሬን በተረገጠና በተለቀቀ ቁጥር ደግሞ ከሰርቮው ራሱ የተወሰነ አየር ወደ ሞተሩ ይመጣል። ጤነኛ ሞተር አይሰማውም። የእኔዋ ግን ጫፍ ላይ ስለነበረች ያቺው ትጥላት ነበር።

አሁን ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ጠዋት ደሴ ላይ ቾክ ስላለ ቤንዚኑ በዛ ይላል፣ ስንጥቁ ይሸፈናል። ቾኩ ከወጣ በኋላም የደሴ ስስ አየር ቤንዚኑን በዛ ስለሚያደርገው ትችለዋለች። ኮምቦልቻ ስንወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ በአንጻሩ ያንሳል፣ ስንጥቁም ይጨመርበታል። ካርቡራተሩም ካንዴላውም ቦቢናውም ደህና ነበሩ።

እስቲ አስቡት፣ እዚህ ላይ ሚኒሞው ቢጨመር ምን ይሆን ነበር። አትጠፋም ነበር። እኔም ተሻላት ብዬ ሐረጎን ስወርድ እኖር ነበር። ስንጥቁ ደግሞ ይሰፋ ነበር።

የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው ባዶነት፣ ማለትም በቫኪዩም ነው። ፔዳሉን በቀላሉ የምንረግጠው እሱ ስለሚያግዘን ነው። ሞተሩ ሲጠፋ እገዛው ወዲያው አያልቅም። ቱቦው ላይ ያለችው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ትንሽ ይዛ ስለምታስቀር አንድ ሁለት ርግጫ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድርቅ ይላል። ፍሬኑ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን በሙሉ ጉልበት ካልተረገጠ መኪናው አይቆምም። ይህን የማያውቅ ሰው በቁልቁለት ላይ ፍሬን የተበጠሰ ይመስለዋል፣ ይደነግጣል። ቱቦው ወይም ቫልቯ የተበላሸ ከሆነ ያቺ አንድ ሁለት ርግጫም ላትኖር ትችላለች። ከፍታ ላይ የሞተር ቫኪዩም አስቀድሞም ስለሚቀንስ የእኛ ሰርቮ በባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው ሰርቮ ያነሰ ጉልበት ነው ያለው።

በዚህ ላይ በፎሌ የመውረድ ልማድ አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን አውጥቶ መልቀቅ። ነዳጅ ሲወደድና ሰልፉ ሲረዝም ሰው ለምን እንደሚያደርገው ይገባኛል። ግን ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ሞተሩ ቢተናነቅ እንኳ ጎማዎቹ ያዞሩታል፣ ቫኪዩሙም አይቋረጥም፣ ሞተሩም መኪናውን ይይዛል። በፎሌ የሚወርድ መኪና ሕይወቱ በሚኒሞው ላይ ነው። ሚኒሞው የማይያዝ መኪና በፎሌ ሐረጎን ሲወርድ ማሰብ ያስፈራኛል። ስንት ሰው የጫነ እንደሆነ ደግሞ አስቡት።

ለመካኒኮቻችን አንድ ነገር ልበል። የቫኪዩም መለኪያ ያለው ጋራዥ ጥቂት ነው፤ ያለውም ቢሆን መጽሐፉን እንዳለ ሲያነብ ይሳሳታል። መጻሕፍቱ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላሉ። ይህ ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ደሴ ላይ ከ9 እስከ 13 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የሲሊንደር ግፊትም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ 12 ባር ካለ ደሴ ላይ 9 አካባቢ ማየት የሚጠበቅ ነው። ይህን ሳያውቁ «ፒስተኑ አልቋል» ብለው ያወረዱት ሞተር እንዳይኖር እሰጋለሁ። ከቁጥሩ ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ይታይ። መለኪያው ላይም የመርፌው ሁኔታ ይታይ። ረግቶ ዝቅ ያለ መርፌ አየር መግባቱን ወይም የእሳቱን መዘግየት ይጠቁማል። በየተራው ወደታች ጠቀስ ጠቀስ የሚል መርፌ የአንድ ቫልቭ ነገር ነው።

እናንተ ራሳችሁ የምታዩት ነገርም አለ። ካንዴላ ፍቱና ቀለሙን እዩ። ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ደሴ ላይ የተለመደ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል ወይም አየር በሌላ በኩል ይገባል። በዘይት የረጠበ ከሆነ ዘይት እያለፈ ነው። አራቱን ጎን ለጎን ደርድሯቸው። አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩ እዚያ ሲሊንደር ላይ ነው፤ ካርቡራተሩን አትንኩ። የክረምት ሌሊት ደግሞ ጨለማ ቦታ ላይ ሞተሩን አስነስታችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። ያረጀ የካንዴላ ገመድ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ በላዩ ሲሮጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እጃችሁን ግን አታስጠጉ።

ብዙ ካርቡራተር ላይ ለሚኒሞው ቤንዚን የሚከፍት ትንሽ ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የምትከፈት ቫልቭ አለ፣ አንዲት ገመድ የምትገባበት። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ ገመዷን ነቅላችሁ ስትመልሷት ቀጭ ካላለ ወይ ገመዷ ላልታለች ወይ ሶሌኖይዱ ሞቷል። ነዳጅ ስትሰጧት ደህና፣ ስትለቋት ወዲያው ድርግም የምትል መኪና ላይ መጀመሪያ ይህን እዩ። ገንዘብ አያስወጣም።

ስለ ቤንዚኑ ብዙ ማለት አልፈልግም፣ ሁላችንም ያየነው ነው። ማደያ ሲደርቅ በሃይላንድ የሚሸጠውን እንገዛለን። ከተገዛ አይቀር ታንከር ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ፕላስቲኩን ጥላ ቦታ አቁማችሁ ጠብቁት። ውሃ ካለበት ከሥር ይቀመጣል፣ መስመሩ በግልጽ ይለያል። ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ የሥሩን ተዉት። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ግን በዓይን መለየት ይከብዳል፤ በጠረኑም በቅባትነቱም አንዳንዴ ይታወቃል።

ኢንጀክሽን የሆኑት፣ በካርቡራተር ፈንታ ኮምፒውተር ቤንዚኑን የሚመጥንላቸው መኪኖች፣ ትንሽ ይለያሉ። ኮምፒውተሩ የአየሩን ግፊት ስለሚያውቅ ደሴና ኮምቦልቻ ያን ያህል አያስቸግሩትም። እነሱ ላይ የተለመደው አየር መግቢያው ላይ የሚጠራቀም ጥላሸትና ሚኒሞውን የምታስተካክለው ቫልቭ መጣበቅ ነው። አየር በሌላ በኩል ሲገባ ደግሞ አንዳንዶቹ በመጥፋት ፈንታ ከፍ ዝቅ እያሉ ይዋልላሉ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ላይ ኮፈን ሥር ያለችውን የምርመራ ሳጥን ከፍቶ ለዚሁ የተመደቡትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ያገናኘ መካኒክ ዳሽቦርድ ላይ ያለችው መብራት ስንቴ ብልጭ እንዳለች ቆጥሮ ስህተቱን ያነባል። ኮምፒውተር የለኝም ብሎ ዕቃ ከመቀየር ይህ ይቀድማል።

ሽማግሌው የጠየቀኝ ገንዘብ ትንሽ ነበር፣ ቱቦ ነው የቀየርኩት ብሎ። ለቱቦው ብቻ መክፈል ልክ አልመሰለኝም፣ ጨምሬ ሰጠሁት። እኛ ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለጉልበት እንከፍላለን፣ ለምርመራ ግን መክፈል አንወድም። «ምን ሠራህና?» እንላለን። መካኒኩም የሚኖረው ዕቃ በመቀየር ስለሆነ ዕቃ ይቀይራል። ቆሞ የሚጠይቅ፣ በውሃ የሚፈትሽ፣ ሞተር አድምጦ የሚለይ ሰው ሰዓቱ እንዲከፈለው ካልተደረገ ወጣቶቹ ይህን ሙያ ለምን ይማሩታል? ደሴ ውስጥ ጎበዝ ልጆች አሉ። መለኪያ ቢኖራቸው፣ ለምርመራም የሚከፍል ደንበኛ ቢያገኙ የትም ካለ መካኒክ አያንሱም።

ቱቦው ሲቀየር ለቫኪዩም የተሠራ ይሁን። ተራ የውሃ ጎማ ሲሞቅ ይጣበቅና ይዘጋል፣ ያ ደግሞ ከስንጥቁ የባሰ ነው። የአንድ አቅጣጫ ቫልቯን በአፍ ንፉባት፤ በአንድ በኩል አሳልፋ በሌላው መዝጋት አለባት። ብሎኗን መንካት የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ የአየር ፊልትሮው በቦታው ገብቶ። ሽማግሌው የእኔዋን ደሴ ላይ አስተካክሎ «ኮምቦልቻ ወርደህ ቆመህ እያት፣ ካልተመቸችህ ተመለስ» አለኝ። ተመቸችኝ።

የሰርቮውን ነገር ለማየት ጋራዥ አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ድርቅ እስኪል ደጋግማችሁ ርገጡት። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ወረድ ማለት አለበት። ካልወረደ፣ ወይም ከፔዳሉ አካባቢ የአየር ፉጨት ከተሰማ፣ ሐረጎን ሳትወርዱ ደሴ ላይ አሳዩት።